በነዳጅ ፈንታ ጊዜ የሚከፍሉ መንኮራኩሮች

እ.ኤ.አ. በ1997 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ከካዛኽስታኑ ባይኮኑር የተነሣ የሩሲያ ፕሮቶን ሮኬት ኤሲያሳት 3 የተባለ የመገናኛ ሳተላይት ተሸክሞ ነበር። ባለቤቱ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ፣ ሠሪው የአሜሪካው ሂዩዝ ነው። ጉዞው እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ እንከን አልነበረበትም። የሮኬቱ የመጨረሻ ክፍል ለሁለተኛ ጊዜ ተለኩሶ ሳተላይቱን ወደ ቦታው ሊገፋው ሲገባ ግን ገና ከመለኮሱ ጠፋ። ሳተላይቱ በአንድ ጫፉ ከምድር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሌላው ጫፉ 36,000 ኪሎ ሜትር በሚርቅ ሞላላ መንገድ ላይ፣ ያውም ከምድር ወገብ በ51 ዲግሪ እንደተንጋደደ ቀረ። መድን ሰጪዎቹ ሳተላይቱን ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ ቆጠሩት፤ ዋስትናው 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1998 ያው ሞቷል የተባለ ሳተላይት ከጨረቃ ወለል በ6,200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አለፈ። ለምድር ቴሌቪዥን እንጂ ለጨረቃ ያልተሠራ ዕቃ እዚያ ምን አደረሰው? ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ርካሽ መንገድ ይዞ ነው። ርካሹ መንገድ ከቤቱ አሥር እጥፍ ርቆ የሚዞር ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲገባ ከጣሪያ መጀመር ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ዲሽ ሲተከል ያላየ የለም። አንዱ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ሳህኑን በጣት ስፋት ያንቀሳቅሳል፤ ሌላው ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ በመስኮት ይጮኻል። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጣ፣ መጣ... ኧረ ሄደ፣ መልሰው!» ብሎኑ አንዴ ከጠበቀ በኋላ ግን ነፋስ ወይም ድመት ካላናጋው በቀር ለዓመታት የሚነካው የለም። ይህ የሚሆነው ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ፣ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ነው፤ ከጣሪያው ለሚያየው የቆመ ይመስላል። ምህዋሩ በ51 ዲግሪ የተንጋደደ ሳተላይት ግን በየቀኑ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሲመላለስ ይውላል። ዲሽ ተካዩም ከጣሪያ ሳይወርድ ሊኖር ነው።

ታዲያ የራሱ ሞተርና ነዳጅ ያለው ሳተላይት ለምን ራሱን አያቃናም? ሕዋ ውስጥ ከመውጣት መታጠፍ ይብሳል። በዝቅተኛ ምህዋር የሚዞር መንኮራኩር በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። አቅጣጫውን በአንድ ዲግሪ ብቻ ለማጠፍ በሰከንድ 130 ሜትር ያህል የፍጥነት ለውጥ ይጠይቀዋል። 60 ዲግሪ ልታጠፍ ካለ ደግሞ የሚያስፈልገው ለውጥ ከያዘው ፍጥነት ሁሉ ጋር እኩል ይሆናል፤ ምህዋር ለመያዝ የወጣውን ጉልበት እንደገና እንደማውጣት ነው። ሳተላይት አምጣቂዎች የምድር ወገብን የሚሻሙትም ለዚህ ነው። አውሮፓውያኑ ከወገቡ በ5 ዲግሪ ብቻ የሚርቀውን የፈረንሳይ ጉያናን ኩሩ መረጡ። ጣሊያኖች ከጎረቤታችን ከኬንያ ማሊንዲ አጠገብ፣ ባሕር ላይ በቆመ መድረካቸው ሳይታጠፉ በምድር ወገብ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶችን ያመጥቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 በኬንያ የነፃነት ቀን ከዚያ የተነሣችው የራጅ ጨረር መመልከቻ «ኡሁሩ» (ነፃነት) የተባለችው በዚሁ ቀን ምክንያት ነው። ባይኮኑር ግን 46 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ከዚያ የተነሣ ሁሉ የመታጠፊያ ዕዳ ይዞ ይነሣል።

ዕዳውን የሚያቃልለው ማንኛውም የባጃጅ ሹፌር የሚያውቀው ሕግ ነው፦ ከመታጠፍ በፊት ፍጥነት ይቀነሳል። ሳተላይት ደግሞ ከምድር በራቀ ቁጥር ይዘገያል። ምህዋሩ ጨረቃ ድረስ ከተለጠጠ፣ ሩቁ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 200 ሜትር አካባቢ ይወርዳል፤ ከመንገደኞች ጄት ያነሰ ማለት ነው። እዚያ ላይ ትንሽ የነካው ነገር ብዙ ያጣምመዋል። ጨረቃ ደግሞ በስበቷ ያለ ክፍያ ትነካዋለች።

የሂዩዝ መሐንዲሶች ከኤፕሪል 1998 ጀምረው፣ ሳተላይቱ ለምድር በቀረበ ቁጥር ሞተሩን እየለኮሱ፣ ሩቁን ጫፍ ደረጃ በደረጃ ወደ ጨረቃ ገፉት። የሜይ ጉብኝት ምህዋሩን አቃናለት። በጁን መጀመሪያ ደግሞ ከ34,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ሁለተኛ ጉብኝት ተደገመ። በዚያው ወር ሳተላይቱ ከምድር ጋር እኩል የሚዞርበት ከፍታ ላይ ሰፈረ፤ 51 ዲግሪ የነበረው መንጋደድም ከ10 በታች ወረደ። ፍጹም አልነበረም፤ ጣሪያ ላይ ለሚተከል ዲሽ አይሆንም። ሳተላይቱን እየተከተለ የሚዞር አንቴና ላለው ደንበኛ ግን ይሆናል። ስሙ ተቀይሮ፣ ባለቤቱ ተቀይሮ፣ እስከ 2002 ድረስ እንጀራውን በላ።

መንገዱን ማን እንደጠቆመው እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። ለሂዩዝ የጨረቃን አሳብ ከውጭ ያቀረቡ ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ ኤድዋርድ ቤልብሩኖ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው ነው። በሥራ ላይ የዋለው ስሌት ግን የሂዩዝ የራሱ ሲሆን ከቤልብሩኖ መንገድ የተለየ ነው። ጭቅጭቁን ለባለ ጉዳዮቹ ትቶ ወደ ቤልብሩኖ መሄድ ይሻላል፤ የነዳጅ ቁጠባ ታሪክ ያለ እሱ አይሞላም።

መጀመሪያ ግን የተለመደው መንገድ። እ.ኤ.አ. በ1925 ዋልተር ሆማን የተባለ ጀርመናዊ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሆማን የሮኬት ሰው አልነበረም፤ በኤሰን ከተማ አስተዳደር ሥር የሚሠራ የሕንፃ መሐንዲስ ነበር። ከአንድ ክብ ምህዋር ወደ ሌላ ለመሻገር በሁለቱም ጠርዝ የሚያልፍ ግማሽ ሞላላ መያዝ፣ ሞተር ሲነሡ አንዴ፣ ሲደርሱ አንዴ ብቻ መለኮስ በቂ እንደሆነ አሰላ። ያኔ ፈሳሽ ነዳጅ የሚያቃጥል ሮኬት አንድም ጊዜ አልበረረም ነበር። የሆማን መንገድ ዛሬም የመማሪያ መጽሐፍ ሀሁ ነው፤ ከምድር ወደ ማርስ ስምንት ወር ተኩል ገደማ የሚወስደው ጉዞ የእሱ ነው።

ቁጠባው ለምን ይህን ያህል እንደሚያንገበግብ የገባው ግን ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1903 ስሌቱን ያወጣው ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ ነው። ነዳጅ ራሱ ክብደት አለው፤ ነዳጁን ለመሸከምም ነዳጅ ያስፈልጋል። ተራ የሳተላይት ሞተር በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ሲጨምር የመንኮራኩሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ተቃጥሎ ያልቃል። ሌላ 2 ኪሎ ሜትር ከተፈለገ የቀረው እንደገና ለሁለት ይከፈላል። ስንቁን የሚሸከም በቅሎ፣ የበቅሎውን ገለባ የሚሸከም ሌላ በቅሎ እየተባለ የሚረዝም ጓዝ ነው።

ቤልብሩኖ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ሲሠራ ብዙ ሰሚ ያላገኘ አሳብ ነበረው። ምድር፣ ጨረቃና ፀሐይ እያንዳንዳቸው የሚጎትቱበት ክልል አላቸው። በክልሎቹ መገናኛ ላይ ግን የማንም መጎተት አይሎ አይወጣም፤ ሦስት ባለ ርስቶች «የኔ ነው» እንደሚሉት ወሰን ነው። እዚያ የደረሰ መንኮራኩር በትንሽ ግፊት ከአንዱ ይዞታ ወደ ሌላው ይሻገራል። ቤልብሩኖ ሥዕልም ይሥላል፤ ይህን መንገድ በቀለም ሥሎታል። መሐንዲሶች ግን መንገዱ ወራት ስለሚፈጅ አልጓጉለትም ነበር። በሦስት ቀን የሚደረስበት ጨረቃ ምን ወራት ያስቆጥራል?

ወራት የሚያስቆጥር ችግር ከጃፓን መጣ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1990 ጃፓን ሂተን የተባለች መንኮራኩር ላከች። ሥራዋ በተለጠጠ ምህዋር ላይ እየተመላለሰች ሀጎሮሞ የምትባል ትንሽ ጓደኛዋን ጨረቃ አጠገብ መልቀቅ ነበር። ሀጎሮሞ ተለቀቀች፤ የሬዲዮ ማሠራጫዋ ስለተበላሸ ግን ድምፅዋ አልተሰማም። ሂተን ራሷ ጨረቃን እንድትዞር አልታሰበችም፤ በተለመደው መንገድ ደርሳ ፍሬን የምትይዝበት ነዳጅም አልነበራትም። ቤልብሩኖና ባልደረባው ጄምስ ሚለር ስሌታቸውን ላኩ፤ ጃፓኖቹ ተቀበሉት። ሂተን በኤፕሪል 1991 ጀርባዋን ለጨረቃ ሰጥታ ወጣች፤ የጨረቃን ርቀት አራት እጥፍ ያህል ርቃ፣ የፀሐይ ስበት እየሳበ መንገዷን ቀየረላት። ስትመለስ ፍጥነቷ ለጨረቃ እንዲመች ሆኖ ስለነበር በኦክቶበር 1991 ጨረቃ ያለ ፍሬን ተቀበለቻት።

ለጊዜው ነበር እንጂ ለዘለቄታው አይደለም። ከዚያም ወዲህና ወዲያ ስትዞር ቆይታ በፌብሩዋሪ 1993 ሙሉ በሙሉ የጨረቃ ሆነች፤ በኤፕሪል ደግሞ በተረፈቻት ነዳጅ ወለሉ ላይ እንድትወድቅ ተደረገ። የሀጎሮሞ ማሠራጫ ባይበላሽ ኖሮ ይህ መንገድ ስንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ከሃያ ዓመት በኋላ ናሳ ሳይቸገር መረጠው። የጨረቃን ስበት የለኩት መንትዮቹ ግሬይል መንኮራኩሮች እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 ተነሥተው፣ አፖሎ በሦስት ቀን የጨረሰውን ጉዞ በሦስት ወር ተኩል አዘግመው በአዲስ ዓመት ዋዜማና በማግሥቱ ተራ በተራ ደረሱ። ደቡብ ኮሪያ ግን እንደ ጃፓን ተቸግራ ነው የገባችበት። የጨረቃ መንኮራኩሯ ዳኑሪ ስትነደፍ 550 ኪሎ አካባቢ ትመዝናለች ተብሎ ነበር፤ ሥራው ሲገፋ 678 ኪሎ ደረሰች። በመጀመሪያው ዕቅድ ከሄደች ነዳጇ ለሥራ ዘመኗ ሊበቃት አልቻለም። መንገዱ ተቀየረ፤ በኦገስት 2022 ተነሥታ 1.56 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዲሴምበር ጨረቃን ያዘች። ለአንድ ዓመት የታሰበው ሥራዋ ነዳጅ ስለተረፋት ተራዘመ።

ዙሪያ ጥምጥም ሁሉ ከችግር ይወለዳል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ማሪነር 10 በቬነስ ስበት ታጥፋ ሜርኩሪ የደረሰችው አስቀድሞ በተጻፈ ዕቅድ ነው። ዩሊሲስም በ1992 ጁፒተር ዘንድ ደርሳ የፀሐይን ዋልታዎች ወደምታይበት ምህዋር የታጠፈችው እንዲሁ ነው፤ ያን መታጠፊያ በነዳጅ የሚከፍል ሮኬት አልነበረም። ህንድም የማርስ መንኮራኩሯን በ2013 በትንሽ ሮኬት ስትልክ ሦስት ሳምንት ያህል ምድርን እየዞረች፣ ለምድር በቀረበች ቁጥር ሞተሯን እየለኮሰች ምህዋሯን ለጠጠች። መንኮራኩር በጣም በሚፈጥንበት ቦታ ላይ የተቃጠለ ነዳጅ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፤ ይህንን ያስተዋለው የሮኬት ተመራማሪው ሄርማን ኦበርት ነው። የህንድ ጉዞ ጠቅላላ ወጪ 4.5 ቢሊዮን ሩፒ ነበር።

ወደ ተሰበሩት እንመለስ፤ እውነተኛው ትምህርት ያለው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2001 አሪያን 5 ሮኬት የአውሮፓ ሕዋ ኤጀንሲን አርቴሚስ ሳተላይት ይዞ ወጣ። የላይኛው ክፍል አቅም አነሰው፤ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊደርስ የሚገባው ሩቁ ጫፍ 17,500 ኪሎ ሜትር ላይ ቀረ። ቁጥጥር ክፍሉ በቀናት ውስጥ የሳተላይቱን ተራ ነዳጅ አብዛኛውን ከፍሎ 31,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ክብ ምህዋር አስያዘው። ቀሪው 5,000 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚያ የሚበቃ ተራ ነዳጅ ግን የለም፤ ቢኖርም ሳተላይቱ ቦታው ደርሶ የሚኖርበት ነዳጅ አይተርፍም።

አርቴሚስ ላይ ግን ለሙከራ ያህል የተጫኑ የአዮን ሞተሮች ነበሩ። የአዮን ሞተር ነዳጅ አያቃጥልም። ዜኖን የተባለውን ጋዝ በኤሌክትሪክ ኃይል ሞልቶ ከተራ ሞተር ጭስ አሥር እጥፍ ያህል አፍጥኖ ይተፋዋል፤ ስለዚህ በኪሎ ብዙ ይሠራል። ጉልበቱ ግን ያሳፍራል። አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ሦስት ቦታ ቀዶ አንዷን ቁራጭ መዳፍ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ሦስት ቶን ለሚመዝነው አርቴሚስ የተገኘው ግፊት ያ ነው፣ 15 ሚሊኒውተን ገደማ። በዚያ ላይ ሞተሮቹ የተተከሉት ሳተላይቱ ወደ ሰሜንና ደቡብ እንዳይንሸራተት እንዲያቃኑት እንጂ ወደ ፊት እንዲገፉት አልነበረም። ስለዚህ ሳተላይቱን በ90 ዲግሪ አዙሮ ማብረር አስፈለገ። ለዚያ የሚሆን ሶፍትዌር ስላልነበር ተጻፈ፤ ከመሬት በሬዲዮ ተላከለት።

በቀን 15 ኪሎ ሜትር እየወጣ፣ ከፌብሩዋሪ 2002 እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2003 ድረስ ገፋ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ተረት ይመስላል፤ አርቴሚስ ግን ሄደ። መንገድ ላይ እያለም አልቦዘነም፤ በኖቬምበር 2001 ስፖት 4 ከተባለው የፈረንሳይ ሳተላይት በሌዘር ጨረር ምስል ተቀብሎ ነበር።

የአሜሪካ ጦር ኤኢኤችኤፍ 1 ሳተላይት ዕጣም ይኸው ሆነ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010 ሮኬቱ በትክክል አደረሰው፤ የራሱ ዋና ሞተር ግን አልነሣም። በምርመራ የነዳጅ መስመሩ ውስጥ የተረሳ ባዕድ ነገር ሳይዘጋው እንዳልቀረ ተነገረ። ትናንሽ ሞተሮቹና የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ አሥራ አራት ወር ፈጅተው ቦታው አደረሱት።

እንዲህ ያለ ቁጠባ ካለ ሁሉም ለምን አይጠቀምበትም የሚል ይኖራል። መልሱ ጊዜም ዋጋ አለው ነው፤ ዋጋውም በዶላር ይሰላል። ቀስ ብሎ የሚወጣ ሳተላይት ምድርን በከበቡት የጨረር ቀበቶዎች ውስጥ ወራት ያሳልፋል፤ የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ይጎዳሉ። ቁጥጥር ክፍሉ ሌሊትና ቀን ደመወዝ ይበላል፤ ሳተላይቱ ደግሞ ገና ሳንቲም አያስገባም። ሰው የተሳፈረበት መንኮራኩር ከሆነማ ምግብና ኦክስጅን አለ፤ የአፖሎን ተጓዦች አምስት ወር በሕዋ ላዙር የሚል አይኖርም።

አየርን ፍሬን አድርጎ መጠቀምም ያው በጊዜ የሚከፈል ቁጠባ ነው። ሂተን በማርች 1991 ከምድር 125 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከባቢ አየሩን ነካ አድርጋ ፍጥነት በመቀነስ መንገዱን ከፈተች። ከዚያ ወዲህ የማርስ መንኮራኩሮች ለምደውታል። በ2006 ማርስ ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር 426 ጊዜ አየሩ ውስጥ እየጠለቀች ምህዋሯን ስታጠብ 600 ኪሎ ያህል ነዳጅ አትርፋለች። ከእሷ በፊት የሄደችው ማርስ ግሎባል ሰርቬየር ግን አንዱ የፀሐይ ሰሌዳዋ በደንብ ሳይቆለፍ ቀርቶ ነበርና፣ ነፋሱ ሲመታው መታጠፍ ጀመረ። መሐንዲሶቹ እንዳይሰበር በጥንቃቄ ማዝገም ነበረባቸው፤ ሥራው አንድ ዓመት ያህል ዘገየ።

የንግዱ ዓለም ስሌቱን በፈቃዱ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በማርች 2015 ነው። ኤቢኤስ 3ኤ እና ዩቴልሳት 115 ዌስት ቢ የተባሉ ሁለት ሳተላይቶች ተራውን የነዳጅ ሞተር ጭራሽ ሳይዙ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው በአንድ ፋልከን 9 ተላኩ። ሁለት ሆነው በአንድ የሮኬት ዋጋ መውጣታቸው ትርፍ ነበር። ወደ ቦታቸው ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው፤ ያን ያህል ጊዜ ከገቢ ውጭ መቆየትን ባለቤቶቹ አስቀድመው መዝግበውታል። አደጋ ሳያስገድድ ዝግታን መግዛት ከዚያ ወዲህ ተለመደ።

የጨረቃው መንገድ ግን የራሱ ጉድ አለው። ሂዩዝ የኤሲያሳት 3ን ማዳኛ ዘዴ የባለቤትነት መብት አውጥቶበት ነበር፤ የሳተላይት ሥራው ለቦይንግ ሲሸጥ መብቱም አብሮ ሄደ። እ.ኤ.አ. በማርች 2008 ኤኤምሲ 14 የተባለው ሳተላይት ከዚያው ከባይኮኑር፣ በዚያው በፕሮቶን ተነሥቶ የላይኛው ክፍል ቀድሞ ስለጠፋበት በተመሳሳይ ሁኔታ ተንጋዶ ቀረ። በጨረቃ በኩል ማዞር ይቻል እንደነበር፣ ነገር ግን የቦይንግ መብት እንቅፋት እንደሆነ በወቅቱ ተዘግቧል። ሳተላይቱ ጠፍቷል ተብሎ ከመድን ካሳ ተጠየቀበት። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ገዛውና ወደ ጨረቃ ሳይልክ፣ በራሱ ሞተሮች ወራት ፈጅቶ እስከ ጃንዋሪ 2009 መጨረሻ ቦታው አደረሰው፤ ምህዋሩ እስከ 13 ዲግሪ እንደተንጋደደ።